ታማሚው አካል ጉዳተኛ ሲሆን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በመጽሔቶቻችን ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ነገር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ረመዷን ሲቃረብ ነው። ዘካተል ፊጥር ለማን ይሰጥ፣ ሶደቃ ለማን ቢደርስ አጅሩ ይበልጣል በሚለው ርእስ ሥር ዓይነ ስውሩና እግሩ የማይታዘዝለት ወንድማችን ይጠቀሳሉ። ይህ ኸይር ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ይቀበል። ነገር ግን እነዚሁ ወንድሞችና እህቶች ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ ስኳርና ደም ግፊት ያገኛቸዋል፤ ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉ። ያን ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ምን ይገጥማቸዋል? በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ይህንን ነው።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በየወሩ አንድ ቀን ትቀር ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቃት እናቷ መስማት የተሳናቸው መሆናቸውን፣ የእርግዝና ክትትል ስላላቸውም እርሷ አብራ እየሄደች እንደምታስተረጉምላቸው ነገረችን። እስቲ አስቡት! የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእናቷን የማህፀን ነገር ለሐኪም ታስረዳለች። ሐኪሙ የሚጠይቀውን፣ ልጅ እናቷን በዓይኗ እያየች ልትጠይቀው የሚከብዳትን ሁሉ በእጅ ምልክት ትጠይቃለች። እናትየው በሐያእ ምክንያት ግማሹን ይደብቃሉ። ልጅቱም ያልገባትን ቃል ትዘላለች። ልጅቱ ፈተና ኖሮባት በቀረችበት ቀን እናትየው ለብቻቸው ሄደው ከጧት እስከ ዙሁር ድረስ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስማቸው ተጠርቶ አልፏል። የሚጠራው በድምፅ ነዋ!

በዚያ ጤና ጣቢያ እኚህን እናት የሰደበ ወይም የገፈተረ የለም። ነርሷ ደግ እንደነበረች ልጅቱ ራሷ ነግራናለች። ስለ አድልዎ ስናስብ ወዲያው ፊታችን የሚመጣው የሚያመናጭቅ ዘበኛ ወይም ፊቱን ያጠቆረ ሐኪም ነው። እንዲህ ያለው ሰው አይጠፋም፤ እርሱን መክሰስ ግን ቀላል ነው። የሚከብደው ሌላው ነው። ደረጃው፣ አልጋው፣ ሚዛኑ፣ የስም አጠራሩ፣ ቅጹና በጀቱ ሁሉ የሚያይ፣ የሚሰማና በእግሩ የሚሄድ ሰው ብቻ ይመጣል ተብሎ ሲዘጋጅ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ሰው ይጎዳል። ተመራማሪዎች ይህንን መዋቅራዊ አድልዎ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ባወጣው ሪፖርት 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከበድ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው ገልጿል። አንዳንዶቹም ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ሪፖርቱ ከዚህ ልዩነት ውስጥ ብዙው ከጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ፍትሕ ከጎደለው አሠራር የሚመጣ መሆኑን ያስረዳል።

አሠራሩ ከየት ተነሳ ለሚለው አንድ ቁጥር ይዘን እንነሳ፤ 0.6 የሚል ቁጥር ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው የልማት ሪፖርቱ ላይ የየአገሩን የጤና ችግር የሚለካበት አዲስ ስሌት አቀረበ። በስሌቱ መሠረት ሰው ሲሞት የቀረበት ዕድሜ በሙሉ ይቆጠራል፤ ታሞ ወይም ተጎድቶ የኖረበት ዓመት ደግሞ በከፊል እንደጠፋ ይቆጠራል። ምን ያህሉ ጠፋ የሚለውን ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ1995 የጤና ባለሙያዎች ጄኔቫ ላይ ተሰበሰቡ። ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህን የመሰለ ነበር፦ የ1000 ጤነኛ ሰዎችን ዕድሜ በአንድ ዓመት ማራዘም የስንት ዓይነ ስውራንን ዕድሜ በአንድ ዓመት ከማራዘም ጋር ይተካከላል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይነ ስውርነት የተሰጠው ክብደት 0.6 ሆነ። በእኛ አነጋገር ከዓይነ ስውር ሰው ዓመት ላይ፣ ከአንዱ ብር 60 ሳንቲሙ ጠፍቷል ተባለ ማለት ነው።

ቁርኣን ያስቀሩን ሸህ ዓይነ ስውር ነበሩ። ሠላሳ የምንሆን ደረሶች ሉሓችንን ይዘን፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ሱራ ስንጮህ፣ ከመካከላችን አንዱ አንዲት ሐረካ ከሳተ ስሙን ጠርተው ያርሙት ነበር። ሌሊት ለተሀጁድ ከሁላችንም ቀድመው የሚነሱት እርሳቸው ነበሩ። ለዳኝነት ከሩቅ ቀበሌ ድረስ ሰው ይመጣላቸዋል። 60 ሳንቲሙ የጠፋው ከየትኛው ዓመታቸው ላይ እንደሆነ የጄኔቫ ባለሙያዎች ቢያሳዩን በወደድን ነበር። ዓይናቸውን በወጣትነታቸው አጥተው የሳዑዲ ዐረቢያ ሙፍቲ ለመሆን የበቁት ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝም (እ.ኤ.አ. በ1999 አረፉ) በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ ነው።

ለፍትሕ ሲባል የስሌቱ ባለቤቶች የሚሉትንም እንናገር። የሚለካው የጤና ጉድለት ነው፤ የሰው ክብር አይለካበትም ይላሉ። ይሁን እንላለን። ነገር ግን በጀት ሲመደብና ማን ይዳን ተብሎ ሲታሰብ ይኸው ቁጥር ከተወሰደ፣ የዓይነ ስውሩን ሕይወት ማትረፍ የሚያስገኘው 40 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ክብደቶቹ እንደገና ሲጠኑ፣ በአምስት አገሮችና በኢንተርኔት አማካይነት ከ30 ሺህ በላይ ተራ ሰዎች ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት ዓይነ ስውርነት ከ0.6 ወደ 0.195 ወረደ። 60 ሳንቲም የነበረው 20 ሳንቲም ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የዓይነ ስውራን ኑሮ ሦስት እጥፍ አልተሻሻለም። የተለወጠው የተጠየቀው ሰውና የጥያቄው አቀራረብ ነው።

ውድ አንባቢያን! ሙስሊም ይህን ሲሰማ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱምን (ረ.ዐ.) ሳያስታውስ አያልፍም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ሹማምንትን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ይህ ዓይነ ስውር ሰሃባ ለመጠየቅ መጣ፤ ፊታቸውንም ከእርሱ በማዞራቸው የሱረቱ ዐበሰ መጀመሪያ ወረደ። ይህን ታሪክ ሁላችንም ስለ ትሕትና ስንሰብክ እንጠቅሰዋለን። ብዙ ጊዜ የማንጠቅሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ መዲናን እንዲጠብቅና ሰዎችን እንዲያሰግድ የተኩት እርሱን ነው። ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋርም ሙአዚን ነበር፤ በረመዷን ሰዎች ከምግብ የሚታቀቡት የእርሱን አዛን ሰምተው ነው። የፈጅርን መግባት የሚያይ ሰው ይነግረዋል፤ እርሱ ያውጃል። ማየት ለማይችል ሰው ሥራው እንዲህ ተመቻቸለት። ከዚያም በኋላ የኡመያው ኸሊፋ አልወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ለዓይነ ስውሩ መሪ፣ መንቀሳቀስ ለማይችለው አገልጋይ እንደመደበ፣ ለለምጽ ሕመምተኞችም ቀለብ ቆርጦ ከልመና እንደከለከላቸው የታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ ዘግቧል። ሰውየው በሌላ ነገሩ ይነቀፋል፤ ይህ ሥራው ግን የመንግሥት መደብ እንጂ የመንገድ ዳር ሶደቃ አልነበረም።

ወደ ዘመናችን ሐኪሞች እንመለስ። በአሜሪካ የሐርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የሆኑት ሊሳ አዬዞኒ የሕክምና ተማሪ ሳሉ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ አገኛቸው፤ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። እኚህ ሴትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት 714 ሐኪሞችን ጠየቁ። ከመቶ 82 የሚሆኑት ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ኑሮ ከጤነኛው ሰው ኑሮ የከፋ ነው ብለው መለሱ። ለአካል ጉዳተኛ ታካሚ ከሌላው እኩል የሆነ ሕክምና እንሰጣለን ብለው በሙሉ ልብ የተማመኑት ከመቶ 41 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች ከባድ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ራሳቸውን ስለ ኑሯቸው ጠይቀው ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኑሯችን ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ነው ብለው መልሰዋል። ሐኪሙ አንድ ያያል፤ ባለቤቱ ሌላ ይኖራል።

ይህ አስተያየት በሐኪሙ ልብ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ቢቀር ባልከፋ። ግን ወደ ሥራ ይወርዳል። ኑሮው የከፋ ነው ተብሎ የታሰበለት ሰው የካንሰር ቅድመ ምርመራ አይታዘዝለትም፤ ምን ያደርግለታል ይባላላ! እግሯ የማይሄድ ሴት ከመመርመሪያ አልጋው ላይ መውጣት ስላልቻለች ዊልቸሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ልብሷ ሳይገለጥ፣ ታክማለች ተብላ ትሸኛለች። በዊልቸር የሚቀመጥ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ስለሌለ ክብደቱ በግምት ይጻፋል። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው ግን በዚያው ግምት ነው። የአዬዞኒ ቡድን በዚያች ሀብታም አገር እንኳ ለእንደነዚህ ያሉ ታካሚዎች የሚሆን ሚዛን ዘወትር የሚጠቀሙት ሐኪሞች ሩብ እንደማይሞሉ አግኝቷል።

ጉዳዩ የሞት የሽረት የሆነው በኮሮና ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋም እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2020 ለሐኪሞች አዲስ መመሪያ አሠራጨ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባውን ለመለየት ከ1 እስከ 9 ደረጃ ያለው የአቅም መድከም መለኪያ እንዲጠቀሙ የሚል ነበር። መለኪያው የተሠራው ለአረጋውያን ነው። ሰውየው ገበያ ለመሄድ፣ ልብስ ለመልበስ፣ ለመታጠብ የሰው እገዛ ይፈልጋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌ ሰው ትናንት ራሱን ችሎ ዛሬ ካልቻለ፣ ሰውነቱ እየደከመ መሆኑን ይህ ጥያቄ በእርግጥ ያሳያል። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ የምታጥበው፣ ልቡም ሳንባውም ደህና የሆነ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት በዚሁ ጥያቄ ሲመዘን በሞት አፋፍ ካሉት አዛውንቶች አጠገብ ይቀመጣል። ቤተሰቦችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ጮኹ፣ በፍርድ ቤትም እንከሳለን አሉ። መመሪያው በአምስት ቀን ውስጥ ታረመ፤ መለኪያው ለወጣቶችና የቆየ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች እንዳይውል ተጻፈበት። ጩኸቱ ባይኖር ማን ያርመው ነበር?

በሌላ በኩል የአገሪቱ የጤና ጥራት ተቆጣጣሪ ባደረገው ማጣራት፣ ልቡ ቢቆም እንዳይታገዝ የሚል ትእዛዝ ከሰውየውም ከቤተሰቡም ጋር ሳይመከር የተጻፈባቸው ከ500 በላይ ሰዎች መኖራቸው ታወቀ። ከጥር እስከ ኅዳር 2020 በእንግሊዝ በኮሮና ከሞቱት ከአሥሩ ስድስቱ አካል ጉዳተኞች ነበሩ። የዚህ አንዱ ክፍል በዕድሜያቸው ምክንያት ነው። ሆኖም ዕድሜው፣ ድህነቱና ሌላው በሽታ ሁሉ ተቀንሶ ሲሰላ እንኳ ልዩነቱ ጨርሶ አልጠፋም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ወጣቶች መካከል የሞቱት በመጠን ሲታዩ ከእኩዮቻቸው 30 እጥፍ ሆነው ተገኝተዋል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ደግሞ የመንግሥቱ መግለጫ በቴሌቪዥን ሲሰጥ አስተርጓሚ ከተናጋሪው አጠገብ ስላልቆመላቸው ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሁለት መግለጫዎችን ጠቅሶ መንግሥት አድልዎ መፈጸሙን ወሰነ። ያስተረጎመችውን ተማሪያችንን እዚህ ላይ አስታውሱ።

እንግዲህ ጥናት ሁሉ ይጠቅማል ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሃምፕሻየር ውስጥ ሌ ኮርት በሚባል የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነዋሪዎቹ በቤቱ አስተዳደር ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ጠየቁ። ይረዱናል ብለው ተመራማሪዎችን ጋበዙ። በጤና ሚኒስቴር ገንዘብ የመጡት ሁለት ተመራማሪዎች ዓመታት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ አሳተሙ። የደረሱበት መደምደሚያ እነዚህ ሰዎች ለኅብረተሰቡ ሞተዋል፣ የቤቱም ሥራ እስከ ሥጋዊ ሞታቸው ድረስ መንከባከብ ነው የሚል ሆነ። ከነዋሪዎቹ አንዱ የነበረው ፖል ሃንት ጡንቻው እየመነመነ በሚሄድ ሕመም በዊልቸር ላይ የሚኖር ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ጋርዲያን ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር እንዲቋቋም ጠራ፤ ማኅበሩም ተቋቋመ። ከዚህ ማኅበር የወጣው ሐሳብ ዛሬ በዓለም ላይ ይሠራበታል። እግር አለመሄዱ አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደረጃ ብቻ ያለው መሆኑ ሌላ ነገር ነው የሚል ሐሳብ ነው። የመጀመሪያውን አላህ ወስኖታል፤ ሁለተኛውን ግንበኛ ገንብቶታል። ግንበኛ የገነባውን ቀደር ነው ብሎ መቀበል ከእምነታችን አይደለም።

ስለዚህ ነጻ ጥናት ስንል ገንዘቡን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት የማያፍር፣ ጠያቂውም ከተጠያቂው ወገን የሆነበት ጥናት ማለታችን ነው። አዬዞኒ ስለ መመርመሪያ አልጋ የጠየቁት አልጋው እርሳቸውንም ስለሚያውቃቸው ነው።

በአገራችንስ? ሕጉ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ ለመውጣት ለማይችል ሰው የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀበለች፤ በስምምነቱ አንቀጽ 25 ላይ ጤና ተጽፏል። ከዚህ አዋጅ በኋላ የተሠሩ ስንት ሕንፃዎች ላይ ራምፑ እንዳለ፣ ካለም ዊልቸር የሚያስወጣ ይሁን ወይም ለይስሙላ የተለሰነ ቁልቁለት ይሁን፣ እያንዳንዱ አንባቢ በሰፈሩ ሊያየው ይችላል። መስጂዶቻችንንም አንርሳ፤ የውዱእ ማድረጊያው ስንት ደረጃ ወርዶ ነው የሚገኘው?

ከሕጉ በፊት ግን ቆጠራው አለ። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከመቶ 1.85 ናቸው ተባለ። በ1999 ዓ.ም. ወደ 1.09 ወረዱ። ዓለም ከስድስት ሰው አንዱ ሲል እኛ ከመቶ ሰው አንድ አልን ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ሲሠራ፣ ነርስ ሲሠለጥን፣ አልጋ ሲገዛ የሚታሰበው በዚህ ቁጥር ነው። ከመቶ አንድ ለሆነ ሰው ማን አልጋ ይቀይራል? የቁጥሩ ማነስ አንደኛው ምክንያት ቆጣሪው ቤታችን መጥቶ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የለም እየተባለ መመለሱ ነው። አንዳንዱ ልጁን በጓዳ አስቀምጦ ይዋሻል፤ የሰው ዓይን ይፈራል፣ የእህቶቿን ትዳር ያበላሽብኛል ይላል። ሌላው ደግሞ አይዋሽም፤ ዓይናቸው የደከመ እናቱንና ጆሯቸው የከበደ አባቱን በዚያ ስም ስለማያስባቸው ነው። አካለ ስንኩል ስንል በኖርንበት አገር በዚያ ስም መጠራት የሚወድ የለም።

ለዚህ መላ ተገኝቶለታል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጅቷል። አካል ጉዳተኛ የሚል ቃል በውስጣቸው የለም። መነጽር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ? ማዳመጫ አድርገውም ቢሆን ለመስማት ይቸገራሉ? ለመሄድ ወይም ደረጃ ለመውጣትስ? ለማስታወስና ሐሳብ ለመሰብሰብስ? ለመታጠብና ለመልበስስ? ሰው የሚሉትን እንዲረዳ ለማድረግና ሰው የሚለውን ለመረዳትስ? መልሱም አልቸገርም፣ በጥቂቱ፣ በጣም፣ ፈጽሞ አልችልም የሚል ነው። ስድስቱን ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠቀም የመንግሥት ቆጠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የታሰበው ቆጠራ ስንት ጊዜ እንደተራዘመ እናውቃለን። የመስጂድ ኮሚቴ፣ የቀበሌ እድር፣ የመድረሳ መምህር በራሱ መዝገብ ላይ ሊጠይቃቸው ይችላል። ጥያቄውን የሚጠይቁት ከተቻለ የሚመለከታቸው ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ። ዓይነ ስውሩ ይጠይቅ፣ የሚያይ ልጅ ይጻፍለት። መዝገቡ ከተሞላ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲኬድ ነገሩ ይለያል፤ ለአንድ ሰው ብለህ አዝንልን ከማለት ይልቅ በዚህ ቀበሌ ለመስማት የሚቸገሩ ይህን ያህል ሰዎች አሉ፣ የካርድ ቁጥራቸው በሰሌዳ ይጻፍላቸው ማለት ይቻላል። አንድ አልጋ ዝቅ ተደርጎ ይበየድ፤ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ሐኪሙም ታማሚውን ትቶ አብሮት የመጣውን ሰው ምኑን ነው የሚያመው ብሎ አይጠይቅ፤ የታመመው ሰው ፊቱ ተቀምጧል። በቤታችን ያለውን በተመለከተ ደግሞ ጠያቂው በሩን ሲያንኳኳ በጓዳ ያለው ልጅ ይውጣ፣ ስሙም ከወንድሞቹ ስም ጋር ይጻፍ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።